ጓዳ ውስጥ የተሰጣ የሽንት ጨርቅ

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ይበልጣል ይባላል። ደጋና ቆላ በሚገናኙባት አንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ በርበሬ ከገበሬ እየገዛ፣ እየለቀመ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ለሩቅ አገር ነጋዴ ያስረክባል። ዛላ ሰብሮ አንዴ ወደ አፍንጫው ካስጠጋ የት እንደበቀለና ምን ያህል ፀሐይ እንዳየ ይናገራል። ጠላቱ እንኳ በበርበሬ ነገር አይከራከረውም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰውየው ሞኝ እንዳይመስላችሁ ነው፤ ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ የሞኝ ነውና።

በከተማዋ መሀል አንድ የጎርፍ ቦይ ያልፋል። ክረምት በገባ ቁጥር ይደፈንና ውሃው መሄጃ ሲያጣ ገበያው ውስጥ ይገባል። አንድ ክረምት እስከ ይበልጣል መጋዘን ድረስ ዘልቆ የታችኛውን ረድፍ ጆንያ በሙሉ አበላሸበት። ነጋዴው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣና ቦዩን መቆፈር ጀመረ። የዘጋው ነገር ድንጋይ አልነበረም፤ ግንድም አልነበረም። አንዴ ታስሮ የሚጣለው የሕፃናት ዳይፐር ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ትራስ ያበጠ፣ ያልበሰበሰ፣ ለመበስበስም ምንም አሳብ የሌለው። አንዱን በአካፋ ሲያወጡት ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ነጋዴዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው የጣዮቹን ዘር ማንዘር ሰደቡ። ይበልጣል ግን አልተሳደበም። ሚስቱ ስንዱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበርና አካፋውን ተደግፎ ቆሞ «የእኔስ ልጅ ሲወለድ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ቤቱ ገብቶ ለስንዱ ነገራት። «የእኔ ልጅ የሚያስረው ነገር የሰው ደጅ አይዘጋም። በሽንት ጨርቅ ነው የምናሳድገው፤ እኛ እንዳደግነው።»

ስንዱ ሆዷን ደገፍ አድርጋ አየችው። «እኔ ደስ ይለኛል። ግን እማዬ ስትመጣ የምትነግራት አንተ ነህ» አለችው።

ይበልጣል የሟች እናቱን ሳጥን ከፈተ። እናቱ የልጅ ልጅ ሳያዩ ነበር ያረፉት። በመልበስና በመታጠብ ብዛት የለሰለሱ ነጠላዎቻቸው እዚያ ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠው ነበር። አዲስ ጨርቅ ለሕፃን ገላ ይሻክራል፤ የሚሆነው ያረጀ ነጠላ ነው፤ ይህን ያገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥለቱን እየፈቱ፣ ነጠላውን እየቀደዱ፣ ጠርዙን እየዘመዘሙ ከመሩት። ይበልጣል መቀሱን ባነሳ ቁጥር ዓይኑ እንባ ይሞላ ነበር። «በእጇ ባታቅፈው በነጠላዋ ታቅፈዋለች» ይል ነበር ስለ እናቱ።

ጥቅምት ላይ ስንዱ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጸዳለ አሏት። የስንዱ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ሊያርሱ ቅቤውንና የገንፎ እህሉን በአህያ አስጭነው መጡ። አራሷን ስመው፣ ሕፃኗን መርቀው፣ ገና ቀና ከማለታቸው ግድግዳው ሥር የተከመረውን ነጭ ጨርቅ አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሽንት ጨርቅ ነው፣ እማማ» አለ ይበልጣል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ጣቶቻቸው የተጣመሙ፣ መዳፋቸው የደደረ ነበር። «ይህን እጅ አየኸው? ሰባት ልጅ በሽንት ጨርቅ ያሳደገ እጅ ነው። ክረምት ከበጋ ወንዝ ወርጄ፣ ውርጭ የበላው ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው ያሳደግኋቸው። ይህቺን ልጅ ያስተማርኳት የእኔን ኑሮ እንዳትደግም ነው። ዳይፐር የሚባል ነገር መጣ ሲሉኝ እልል ብያለሁ። አንተ አሁን ለቦይ አዝነህ ልጄን ሳፋ ውስጥ ልትዘፈዝፋት ነው?»

እውነታቸውን ነበር፤ ይበልጣልም እውነታቸውን መሆኑን አወቀ። ስለዚህ አልተከራከረም።

«ስንዱ አታጥብም። የማጥበው እኔ ነኝ» አለ።

«ማን?»

«እኔ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከልባቸው ሳቁ። «አፍ ዳገት አይፈራም አሉ! እሺ፣ ልይህ። ነገር ግን ስማኝ፤ የዚህች ሕፃን ገላ ቢቆስል እናትና ልጅን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አራስነቷን እዚያ ትጨርሳለች፣ ሕፃኗም በዳይፐር ትሰነብታለች። ያኔ ምነው ወሰዱብኝ እንዳትለኝ።»

«አይቆስልም» አለ ይበልጣል።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ጨርቁን ዘፈዘፈ፣ አሸ፣ አለቀለቀ፣ ጨመቀ። እውነቱን እንናገር፤ ጎበዝ አጣቢ ወጣው። ስንዱ አልጋዋ ላይ ሆና የሳፋውን ድምፅ ስትሰማ ከንፈሯ ሳይታወቃት ፈገግ ይል ነበር። ችግሩ የመጣው ጨርቁ ከታጠበ በኋላ ነው። የታጠበ ጨርቅ ይሰጣል። የይበልጣል ቤት ደግሞ ደጁ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አጥሩን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

በዚያ መንገድ ከሚያልፉት አንዱ ደምመላሽ ነበር፤ ጨው ነጋዴ ነው። ጨው ከመሸጥ ይልቅ ለሰው ስም በማውጣት የታወቀ ነው። ሚስቱ ታማበት እንስራ አዝሎ ውሃ ሲቀዳ ያየውን አንድ ሰው «እንስራው» ብሎ ሰይሞት ነበር። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቤት ሠራ፣ የዕቁብ ዳኛ ሆነ፣ የሰፈር ሽማግሌ ሆነ፤ ስሙ ግን እንስራው እንደሆነ ቀረ። ልጆቹ ሳይቀሩ የእንስራው ልጆች ነው የሚባሉት። ይበልጣል እርጥቡን ጨርቅ በሳፋ ይዞ ደጁ ላይ ቆመና ይህን ሁሉ አሰበ። «ለእኔስ ምን ሊያወጣልኝ ነው?» አለ በልቡ።

ተመለሰና ጓዳ ገባ። መስኮት የሌለው ጓዳ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠረና ጨርቁን እዚያ አሰጣው።

«ምነው ፀሐይ እያለ?» አሉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ይበልጣል መልስ ፈለገ፤ የመጣለትም መልስ ከመልስ ሁሉ የሚከብድ ነበር። «የአራስ ልጅ ጨርቅ ለሰው ዓይን አይሰጥም፣ እማማ። ዓይን ክፉ ነው። እዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

በዚህ ነገር ማን ይከራከራል? ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለልጅ ልጃቸው ዓይን የማይፈሩ አያት አይደሉም። «እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ተዉት። ይበልጣልም እፎይ አለ። የሰው ልጅ ከእፍረቱ የሚሸሸግበት ሰበብ ሲያገኝ እንዲህ ነው፤ ሰበቡ የቆየ ወግ ከሆነለት ደግሞ ጭራሽ ጥበበኛ የሆነ ይመስለዋል።

ሰነበተ። ጓዳ የተሰጣው ጨርቅ ከገመዱ የሚወርደው ደርቆ ሳይሆን መድረቅ ሰልችቶት ነበር። ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ሲያሸቱት እምክ እምክ ይላል። ሌላ ጨርቅ ስለሌለ ጸዳለ በዚያው ትታሰራለች። መጀመሪያ ጭኗ ሥር ትንሽ ቀላ አለ። ቀጥሎ መቀመጫዋ ተላጠ። ከዚያ በኋላማ ጨርቋ በተፈታና በታሰረ ቁጥር የምታለቅሰው ለቅሶ አንጀት ይበላል። ልጅ ስታለቅስ እናትም አብራ ታለቅስ ጀመር።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሕፃኗን ገልጠው አይተው ወደ አማቻቸው ዞሩ። «እጅህ ነው» አሉት። «ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስታገላብጥ ውለህ በዚያው እጅህ ጨርቋን ታሻለህ። ልጅቷን በርበሬ ነው ያቃጠላት።»

«የማጥበው እኮ ጠዋት፣ በርበሬ ሳልነካ ነው!»

«በርበሬ ከጥፍር ሥር መች ይለቃል?»

ይበልጣል ሱቁ ሄዶ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀመጠና እጁን አሸተተ። በአመድ አሸው፤ በሳሙና አሸው፤ ቆዳው እስኪላጥ ፈገፈገው። የገዛ ልጁን በገዛ እጁ ያቃጠለ መሰለውና አለቀሰ። በዚያ ሳምንት ልጁን አልታቀፈም፤ ፈርቶ ከሩቅ ብቻ ያያት ነበር።

«ነገ ገበያ ነው፤ አህያ አይገኝም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓርብ ዕለት። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን። አንተንም አልቀየምህም፤ ሞክረሃል። ግን ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው።»

አማቱ ዕቃ ሊያሰናዱ ሲወጡ ስንዱ ባሏን ጠራችው። ሕፃኗ ጭኗ ላይ ነበረች። «ይበልጣል፣ ጨርቁ እኮ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። አንዴ እንኳ ውጭ ብናሰጣውስ?»

«ዓይንስ?» አላት።

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። «የማን ዓይን?» አለችው።

ይበልጣል ተነሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ ማለዳ ገበያው ገና ሲሰበሰብ አንድ ገበሬ በርበሬ ጭኖ ወደ ይበልጣል ሱቅ መጣ። በርበሬው ለዓይን ደም የመሰለ ነው፤ ዛላው ረጅም፣ ያማረ። ይበልጣል እጁን ወደ ጆንያው ሰደደና ቆም አለ። ከሥር አንድ ዛላ መዝዞ ሰበረው። ጠጋ አድርጎ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«የት ነው ያሰጣኸው?» ሲል ጠየቀ።

ገበሬው አቀረቀረ። «ቤት ውስጥ ነው፤ ቆጡ ላይ።»

«ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው፣ ጋሼ? ዘንድሮ ከጎረቤት ሁሉ ለይቶ የእኔ አማረ። ደጅ ባሰጣው ሰው ዓይን ያገባብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ይበልጣል የተሰበረውን ዛላ ወደ ገበሬው ዓይን አስጠጋለት። ውስጡ ሻግቷል። «ወንድሜ» አለው እንደ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ሱቁ ደጅ ያሉት ሌሎች ገበሬዎችም እንዲማሩበት አስቦ ነው፤ «ፀሐይ ያላየ ነገር ደረቀ አይባልም። ላዩ ቢያምር ውስጡ ይሻግታል። አንተ ከሰው ዓይን ሸሽገህ ለሻጋታ ሰጠኸው። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል?»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ ነው። ይበልጣል ንግግሩን ጨርሶ አፉን ሳይዘጋ የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማው። ጓዳው ታየው። ገመዱ ታየው። የቀዘቀዘው ጨርቅ፣ የልጁ የተላጠ ገላ፣ ስንዱ «የማን ዓይን?» ያለችው ታየው። ዛላው ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?» አለው ገበሬው።

«አዎ፣ አሞኝ ነበር» አለ ይበልጣል። «አንተ በርበሬህን አውጣና ሜዳው ላይ አሰጣው፤ ያልሻገተውን ለይተህ። ሲደርቅ እገዛሃለሁ።» ይህን ብሎ በገበያ ቀን፣ ገበያው ሞቅ ሊል ሲል፣ ሱቁን ክፍቱን ትቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ይህ በነጋዴ ዘንድ ተደርጎ የማይታወቅ ነገር ነው።

ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ታጠበ። አማቱ እያዩት እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበና ዘርግቶ አሳያቸው። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ጨርቁን ሳፋ ውስጥ ሰበሰበና ገመዱን ፈታው። አንዱን ጫፍ በበሩ ቋሚ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደጁ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ አሰረው፤ መንገዱ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ በላይ። የገበያው ሰው በዚህ ጊዜ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ይበልጣል በገበያ ኮቱ እንደሆነ ሳፋውን ታቅፎ ወጣና የመጀመሪያውን የሽንት ጨርቅ ገመዱ ላይ ጣል አደረገ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ቆመች። ከዚያ ሁለት ገበሬዎች ቆሙ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ይባስ ብሎ ደምመላሽ ጨው የጫነች በቅሎውን እየነዳ ብቅ አለ። ገመዱን አየ፣ ሳፋውን አየ፣ ይበልጣልን አየ። እንዲህ ያለ ሲሳይ በሕይወቱ አልገጠመውም።

«ኧረ ይበልጣል!» ብሎ ጮኸ። «ሚስትህ ናት አራሷ ወይስ አንተ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የይበልጣል ፊት ከበርበሬው ባልተናነሰ ቀላ። እጁ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ወደ ውስጥ መመለስ ይችል ነበር፤ በሩ ከጀርባው ነው። በዚያ ቅጽበት ከውስጥ ጸዳለ አለቀሰች። ስንዱ ጨርቋን እየፈታችላት ነበር።

ይበልጣል ጨርቁን ገመዱ ላይ አሰጣውና ዞረ። «እሷ ወለደች፣ እኔ አጠብኩ» አለ ሁሉም እስኪሰማው። «አንተ አልወለድክ፣ አላጠብክ፤ ምን ሥራ ይዘህ ነው መንገድ ዘግተህ የቆምከው?»

አሁን ሳቁ ዞረ። ደምመላሽ በቅሎውን ይዞ እንዳይሄድ ሰዉ መንገድ ዘግቶበታል፤ እንዳይመልስ ምላሱ እምቢ አለው። ሴቶቹማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ፈረሱ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ይበልጣል አያቸውና ወደ እሳቸው ቀረበ። «እማማ፣ ዓይን ያልኩት ውሸቴን ነው» አላቸው። «ለጸዳለ አልነበረም የፈራሁት። ለራሴ ነው።»

«እንግዲያው ጨርቅ አይደለም ልጅቷ ላይ ያሰርክባት» አሉ አማቱ ቀስ ብለው። «ፍርሃትህን ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ገመዱ ሄዱ። ይበልጣል ያሰጣውን አንዱን ጨርቅ አወረዱት። ይበልጣል ለመሄድ የቆረጡ መስሎት ደነገጠ። እሳቸው ግን በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቻቸው ጨርቁን በሁለት ጫፉ ይዘው እስኪጮህ አርገፈገፉትና መልሰው ሰቀሉት። «እንዲህ ነው የሚሰጣው» አሉ። «መጀመሪያ ይርገፈገፋል። አለዚያ ተጨማድዶ ይደርቅና ይሻክራታል። ማጠብ አውቀሃል፤ ማስጣት አላወቅህም።»

ከዚያ ሳፋውን ከእጁ ተቀበሉት። እሳቸው ያቀብላሉ፣ እሱ ያሰጣል። ሳፋው ባዶ ሲሆን ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመንገዱ ላይ የቆመውን ሰው ዞር ብለው አዩና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ። «የእኔም ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማንም በማያይበት ሳፋ ያነሳልኝ ጊዜ ነበር። ሰው ፊት አንድ ጨርቅ ያሰጣልኝ ግን አላየሁም። እኔን ያደከመኝ ጨርቁ እኮ አልነበረም፤ ብቻዬን መሆኔ ነው።» ይህን ብለው አንገታቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ። በመንገዱ ላይ የቆሙት ሴቶች ተቀበሏቸው። እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ፤ እዚያ ያለው ሰው ሁለተኛ ልጅ የተወለደ መሰለው።

በዚያን ዕለት ፀሐይዋ የኅዳር ፀሐይ ነበረች። ጨርቁ ከሰዓት በፊት ደረቀ፤ ስንዱ ጉንጯ ላይ ስታስጠጋው ይሞቅ ነበር። ጸዳለ በእሱ ታስራ ሳታለቅስ ተኛች። ይበልጣልም ከሰነበተው ፍርሃቱ በኋላ ታቀፋት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አህያ የጠራ የለም። በሚቀጥለው ገበያ የሕፃኗ ገላ እንደ ነበረ ተመልሶ ነበር። በክርስትናዋ ቀን ለድግሱ የመጣው እንግዳ ሁሉ ወደ ቤት የገባው በነጫጭ ጨርቆች ሥር ጎንበስ ብሎ ነው፤ ይበልጣል ገመዱ ይውረድ ሲባል እምቢ ብሎ ነበርና። «እናቴም በድግሱ ላይ ትኑር» አለ።

ክረምት ሲገባ ቦዩ እንደ ልማዱ ተደፈነ። አንድ ሰው ጨርቅ ስላጠበ ቦይ አይጸዳም፤ እንዲህ ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ። ነጋዴው እንደገና አካፋ ይዞ ወረደ። ይበልጣልም ወረደ፤ ዘንድሮ ግን ሲቆፍር ደረቱን ነፍቶ ነው። ከሚወጣው ቆሻሻ ውስጥ የእሱ ልጅ ዳይፐር አንድም አልነበረም። ዘወር ሲል ደምመላሽ ከቁፋሮው ተለይቶ፣ አካፋውን ተደግፎ፣ ቦዩን እያየ ቆሞ ነበር። ይበልጣል ያንን አቋቋም አወቀው።

ጥቂት ቆይቶ ደምመላሽ ተጠጋው። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔዋ ወሯ ገብቷል» አለ። «ያንተ… ያ ጨርቅ እንዴት ነው የሚታጠበው? ሰው ሳያይ ማታ ብቅ ብል ታሳየኛለህ?»

ይበልጣል ሳቀ፤ በክፋት ግን አልነበረም። ያ ፍርሃት ምን ምን እንደሚል ያውቀዋል። «ማታ አላሳይም» አለው። «ቀን ና። በገበያ ቀን ና፤ ሳፋህን ይዘህ።»

ደምመላሽ ተቆጥቶ ሄደ። ቅዳሜ ግን ገበያው ጢም ብሎ ሳለ አዲስ ሳፋ ተሸክሞ በመሀል ገበያው አለፈ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በከተማው ውስጥ ስም የሚያወጣ እሱ ብቻ ነበርና ለእሱ ስም የሚያወጣለት ጠፋ። በዚያው ሰሞን በገበያው መንገድ ላይ ከአጥር በላይ የተወጠሩ ገመዶች እዚህም እዚያም ታዩ። ጨርቁን ማን እንዳጠበው ለሚጠይቅ፣ አጣቢው ራሱ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የዚህ ታሪክ ትምህርት ደግሞ መልካም ሥራውን የደበቀም እንደዚያው መሆኑ ነው። ይበልጣል የመረጠው መንገድ ትክክል ነበር፤ የገባው ቃል ትክክል ነበር፤ ሥራውንም በትጋት ይሠራ ነበር። ያም ሆኖ የሰው አፍ ፈርቶ ጓዳ ስላስገባው መልካሙ ነገር ሻገተና የሚወዳትን ልጅ አቆሰለ። ሁሉም የሚወቅሰው ጨርቁን ነበር፤ እሱም እጁን ወቀሰ። የጎደለው ግን ፀሐይ ብቻ ነበር። ያመንንበትን ነገር በግማሽ ልብ፣ በድብቅ ስናደርገው ይበላሻል፤ ሲበላሽም «ድሮም አይሆንም ነበር» እንላለን።

እናንተስ፣ የሰው ዓይን ፈርታችሁ ጓዳ ያሰጣችሁት መልካም ነገር ምን ይሆን? ካለ ዛሬ ገመዱን ፍቱና ደጅ አውጡት። ፀሐይዋ ወጥታለች።